የቲሸርቱ ባለቤት ማን ነው? የዩኒቨርሲቲ አርማ፣ የተማሪዎች ልማድና የምሩቃን ኩራት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ገለጻ የድምፅ ቅጂ ተገልብጦ፣ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ እይታ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ የምንነጋገረው ስለ ቲሸርት ነውና። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ በጨርቅም ሆነ በስፌት ምንም ልዩነት የሌላቸው ሁለት ቲሸርቶች አሉ እንበል። አንዱ ባዶ ነው፤ በሌላው ደረት ላይ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ታትሟል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ይወደዳል፤ ገዢውም ልዩነቱን ሳያንገራግር ይከፍላል። ታዲያ ያ ልዩነት የምን ዋጋ ነው? ቀለሙና ኅትመቱ የሚያስወጡት ጥቂት ነው። የቀረው የሚከፈለው ለስሙ ነው ካልን ደግሞ ለስሙ ዋጋ የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡም ለማን እንደሚገባ መጠየቃችን አይቀርም። ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል፤ የተሰጠው መልስም ሕግ አዋቂዎችን ሁሉ አላስማማም። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በተለየ ካልገለጽኩ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከቀለም እንጀምር። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የሚታወቅበት ደማቅ ቀይ ቀለም፣ ክሪምሰን የሚሉት፣ ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የመጣ አይደለም። በ1858 በተካሄደ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ላይ ቻርልስ ኤሊየትና ቤንጃሚን ክራውኒንሺልድ የተባሉ ሁለት ቀዛፊዎች ለጓደኞቻቸው ቀያይ ሻሾች አከፋፈሉ። ምክንያታቸው ተራ ነበር፤ በባሕሩ ዳር የቆመው ተመልካች የሃርቫርድን ጀልባ ከሌሎቹ ለይቶ እንዲያይ ነው። ቀለሙም ወዲያው አልጸናም። የተማሪዎቹ ጋዜጣ በ1873 ሲመሠረት ስሙ ማጀንታ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ክሪምሰን ተባለ። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ቀለሙን በይፋ ያጸደቀው በ1910 ነው። ኤሊየት በዚህ መካከል ለ40 ዓመታት የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተው፣ በ1909 ከሥልጣን ወርደዋል። ከሻሹ እስከ ውሳኔው 52 ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ቦርዱ በመጨረሻ ያጸደቀው ተማሪዎችና ምሩቃን ለግማሽ ምእተ ዓመት ሲለብሱት የኖሩትን ነው።

በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ነገር ይተረካል። ሐምራዊና ወርቃማ ቀለማት ከ1893 ጀምሮ የዚያ ትምህርት ቤት መለያ ናቸው። ትረካው እንደሚለው፣ አሠልጣኙና አንድ ተጫዋች ለእግር ኳስ ጨዋታ የሚሆን ሪባን ፍለጋ ሱቅ ቢገቡ፣ ባለሱቁ ለማርዲ ግራ በዓል ካዘዛቸው ሦስት ቀለማት ውስጥ አረንጓዴው ገና አልደረሰም ነበር። ያገኙትን ሁለቱን ገዝተው ሄዱ። ታሪኩ በዝርዝሩ እውነት ይሁንም አይሁንም፣ ምሩቃኑ ደስ እያላቸው የሚያወሩት መሆኑ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ይህን ቀለም ኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ስለምናገኘው በልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን ረዘም አድርጌ ወደምቆይበት ምሳሌ ልለፍ፤ ይኸውም ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ነው። በስሙ ያሉት ሁለት ፊደላት ጥንት እርሻንና ሜካኒካል ጥበባትን ያመለክቱ ነበር። ይህ ስያሜ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዓለማያ ሲቋቋም የእርሻና የሜካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ይባል ነበር፤ ያቋቋመውም በ1952 በተፈረመ ስምምነት መሠረት የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ፣ ማለትም የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ነው።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1922 የቴክሳሱ ቡድን ዳላስ ከተማ ውስጥ ሴንተር ኮሌጅ ከተባለ ቡድን ጋር የአሜሪካ እግር ኳስ ይጫወት ነበር። ሴንተር ከጥቂት ወራት በፊት ሃርቫርድን ያሸነፈ፣ የተፈራ ቡድን ነው። ቴክሳሶቹ ተጫዋቾቻቸው በጉዳት እየወጡ ተቀያሪ ሊያልቅባቸው ሆነ። አሠልጣኙ ዳና ባይብል ያን ጊዜ ኪንግ ጊል የተባለውን ተማሪ አስታወሱ። ጊል ቀደም ሲል የቡድኑ አባል ነበር፤ ወደ ቅርጫት ኳስ በመዞሩ ግን በዕለቱ የተቀመጠው ከተመልካች ወገን ነው። ተጠርቶ ወረደ፤ የተጎዳውን ተጫዋች ልብስ ለበሰ፤ ጨዋታው እስኪያልቅ በሜዳው ዳር ቆሞ ጠበቀ። ቡድኑ 22 ለ 14 አሸነፈ። ጊል ወደ ሜዳ አልገባም። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ሲታሰብ የሚኖረው ግን ዝግጁ ሆኖ መቆሙ ነው። በሜዳው ከሚሰለፉት 11 ተጫዋቾች ቀጥሎ 12ኛው ሰው ተማሪው ነው ተባለ፤ ተማሪዎቹም እስከ ዛሬ ጨዋታውን ሙሉ ቆመው ይመለከታሉ።

ልብ በሉ፤ ልማዱ የተወለደው አንድ ተማሪ የሌላውን ልብስ ሲለብስ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ዩኒቨርሲቲው «12ኛው ሰው» የሚለውን አጠራር በ1990 የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። የሲያትል ከተማ የሙያ ቡድን የሆነው ሲሆክስ ያንኑ አጠራር ለደጋፊዎቹ ሲጠቀም በ2006 ተከሰሰ፤ ነገሩም ቡድኑ እየከፈለ በፈቃድ እንዲጠቀም በስምምነት ተቋጨ። አንድ ተማሪ በ1922 ያለ ክፍያ ያደረገው ነገር ከ84 ዓመታት በኋላ የኪራይ ገቢ ማምጣት ጀመረ። ይህን የምለው ዩኒቨርሲቲውን ለመውቀስ አይደለም፤ ባያስመዘግበው ሌላ ሊወስድበት ይችል ነበር። ሆኖም የንብረቱ ምንጭ የት እንደሆነ መዘንጋት የለብንም።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊሸጡ የሚችሉና የማይችሉ ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የምሩቃን ቀለበቱ ይሸጣል፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ ያለው ሁሉ አይገዛውም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ቀለበቱን ለማዘዝ 90 ክሬዲት ሰዓት ማጠናቀቅ አለበት። እስኪመረቅ ድረስ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው የምረቃ ዓመት ወደ ራሱ እንዲመለከት አድርጎ ያጠልቀዋል፤ ሲመረቅ ወደ ውጭ ያዞረዋል። በየዓመቱ ኤፕሪል 21 ቀን ደግሞ ምሩቃኑ በዓለም ዙሪያ፣ ባሉበት ከተማ ይሰበሰቡና በዓመቱ ውስጥ ያረፉትን ስም ይጠራሉ። ስሙ ሲጠራ ከወዳጆቹ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ ስለ ሟቹ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህን የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም። ነገር ግን ሰውየው በማግስቱ የሚገዛው ኮፍያ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣው በእንዲህ ያለው ነገር ምክንያት ይመስለኛል።

ከሁሉም የሚገርመኝ የ2001ዱ ነው። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ አምስት ተማሪዎች በቀጣዩ ጨዋታ ላይ ስታዲየሙን በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት ለማልበስ አሰቡ፤ በአንዱ ፎቅ የተቀመጠው ሕዝብ ቀይ፣ በሌላው ነጭ፣ በሌላው ሰማያዊ እንዲለብስ። ጊዜያቸው ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነበር። ሴፕቴምበር 22 ቀን፣ ከኦክላሆማ ስቴት ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ስታዲየሙ እንዳሰቡት በሦስት ቀለማት ተከፍሎ ታየ። ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ቲሸርቶች ተሸጠው ነበር፤ ወደ 180 ሺህ ዶላርም ለተጎጂዎች ተሰበሰበ። ይህ የግብይት ባለሙያ ያቀደው ዘመቻ አይደለም። አብሮ መቆምን የለመደ ማኅበረሰብ ቀድሞ ባይኖር ኖሮ አምስት ተማሪዎች በዚያ ፍጥነት ያን ያህል ሰው አንድ ዓይነት ልብስ ሊያለብሱ አይችሉም ነበር።

ወደ ሕጉ እንግባ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ የዩኒቨርሲቲን ስም በሹራብ ላይ አትሞ መሸጥ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ሆኖ አይታሰብም ነበር። ቻምፒየን የተባለው የስፖርት ልብስ አምራች የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን አርማ የያዙ ልብሶችን ከ1936 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከደንበኞቹም አንዱ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነበር። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም ዩ ሲ ኤል ኤ፣ በ1973 ስሙን ለእጅ ሰዓት አምራች በፈቃድ ሲሰጥ ነው። ዛሬ የዩ ሲ ኤል ኤ ስም ያለባቸው ልብሶች በጃፓን፣ በኮሪያና በቻይና ይሸጣሉ፤ ከገዢዎቹ የሚበዙት ያንን ግቢ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። በ1981 ደግሞ የቀድሞው አሠልጣኝ ቢል ባትል የዩኒቨርሲቲዎችን ምልክት ወክሎ ፈቃድ የሚያከራይ ድርጅት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ደንበኛቸውም ራሳቸው የተጫወቱበት አላባማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ተከተሉ።

ፒትስበርግም ቻምፒየንን የፈቃድ ውል ፈርም አለው። ቻምፒየን እምቢ በማለቱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የክርክሩ ጭብጥ ይህ ነው። የንግድ ምልክት ሕግ የቆመው ሸማችን ከመደናገር ለመጠበቅ ነው። የአንዱን ሳሙና የሌላው መስሎኝ እንዳልገዛ፣ ምልክቱ የዕቃውን ምንጭ ይነግረኛል። የዩኒቨርሲቲ ሹራብ የሚገዛ ሰው ግን ሹራቡን ዩኒቨርሲቲው ሰፍቶታል ብሎ ያምናልን? በ1983 የሥር ፍርድ ቤቱ አያምንም አለ። ገዢው የሚፈልገው ወገኑን ማሳየት ነው፤ ማን እንደሠራው፣ ማንስ እንደፈቀደው አያስጨንቀውም፤ ስለዚህ መደናገር የለም፤ መደናገር ከሌለ ጥሰት የለም። አመክንዮው ንጹሕ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተሸነፈ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ግን በ1975 ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስለ በረዶ ሆኪ ቡድኖች አርማ ተቃራኒውን ወስኖ ነበር። የሸቀጡን ዋጋ የፈጠረው አርማው ነው፤ ገዢውም አርማው የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን ማወቁ ይበቃል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። እዚህ ላይ ሕጉ ሳይታወቅ መንገድ ለውጧል። «ዕቃው ከማን መጣ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «አርማው የማን ነው?» የሚለው ተተካ። በተግባር ያሸነፈው ይህ ሁለተኛው አስተሳሰብ ነው። በ2008 ሉዊዚያና ስቴት፣ ኦክላሆማ፣ ኦሃዮ ስቴትና ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ስማክ አፓረል የተባለውን ቲሸርት አታሚ ረቱ። የዚህ አታሚ ቲሸርቶች የዩኒቨርሲቲዎቹን ኦፊሴላዊ ስምም ሆነ አርማ አልያዙም። የያዙት ቀለማቱን ብቻ፣ ከዚያም ስለ ጨዋታ ውጤቶች ደጋፊ የሚረዳውን ፍንጭ ነው። ፍርድ ቤቱ ቀለማቱ ከእነዚያ ፍንጮች ጋር ተዳምረው ዩኒቨርሲቲዎቹን ያመለክታሉ፣ ስለዚህም ይጠበቃሉ አለ። ደጋፊው ቀለሙን የሚፈልገው ወገኑን ለማሳየት ብቻ ነው የሚለውን መከራከሪያም አልተቀበለም። እንግዲህ ያ የሪባን ታሪክ የደረሰበትን ተመልከቱ። ባለሱቁ ዘንድ የቀሩት ሁለት ቀለማት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በፍርድ የጸና ንብረት ሆኑ።

እኔ በዚህ ፍርድ ውጤት ሙሉ በሙሉ ባልከፋም፣ ምክንያቱ ግን አያሳምነኝም። ቀለሞቹ ትርጉም እንዲኖራቸው ያደረጉት ለአንድ ምእተ ዓመት የለበሷቸው ተማሪዎችና ምሩቃን ናቸው። ፍርዱ በሸማች ጥበቃ ስም የተሰጠ ቢሆንም፣ በእውነቱ ከሸማቹ ፍቅር የሚገኘውን ጥቅም ለተቋሙ የሚያስረክብ ነው። ተቋሙ ከሌላ ነጋዴ ይልቅ ይገባዋል ማለት ይቻላል። ይህ ግን ስለ ባለቤትነት የሚሰጥ የፖሊሲ ፍርድ ስለሆነ፣ በዚያው ስሙ ቢጠራ ይሻላል።

ጽንፉ የታየው በአላባማ ነው። ዳንኤል ሙር የተባለ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነ ሠዓሊ፣ ከ1979 ጀምሮ የቡድኑን ታላላቅ ጨዋታዎች ይሥላል። ተጫዋቾቹን ከነማሊያቸው፣ ማሊያውንም ከነቀለሙ ይሥላል፤ ሌላ እንዴት ሊሥል ይችላል? ዩኒቨርሲቲው ግን ለማሊያው ቀለም ፈቃድ አልጠየቅህም ብሎ ከሰሰው። በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሥዕሎቹ፣ የሥዕል ኅትመቶቹና የቀን መቁጠሪያዎቹ በሐሳብ ነፃነት የተጠበቁ ናቸው ብሎ ለሠዓሊው ፈረደ። ደግ አደረገ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ምሩቅ ትዝታ ማስከፈል ከጀመረ፣ የሚሸጠውን ነገር ምንጭ በገዛ እጁ እያደረቀ ነው።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ያልተጠሩ ሁለት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው ተጫዋቹ ነው። የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ለረጅም ዘመን ተማሪ ተጫዋቾች ከስማቸው ምንም ገቢ እንዳያገኙ ከልክሎ ኖሯል። ማሊያዎች ቁጥር ብቻ ይዘው፣ ስም ሳይጻፍባቸው ይሸጡ ነበር፤ ስም ስለሌለበት የማንም አይደለም ነው ነገሩ። በኦገስት 2013 የስፖርት ተንታኙ ጄይ ቢላስ በማኅበሩ የኢንተርኔት ሱቅ መፈለጊያ ላይ የተጫዋቾችን ስም ጻፉ። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤሙን የጆኒ ማንዜልን ስም ሲጽፉ የመጣው የዚያው ዩኒቨርሲቲ 2 ቁጥር ማሊያ ነበር። ማንዜል የሚለብሰው 2 ቁጥር ነው። ሱቁ የማሊያውን ባለቤት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ እንዲህ ያለውን ሽያጭ አቆመ፤ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው እንዲጠቀሙ የተፈቀደው ግን ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ወገን ሰፊዋ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ በበርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የፕሬዚዳንቶቻቸውን ቢሮ እየያዙ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ስማችን የታተመበትን ልብስ የሚሰፋው ማን ነው፣ በስንትስ ነው? ከዚያ እንቅስቃሴ በ2000 የሠራተኛ መብት ኮንሰርቲየም የተባለ መርማሪ ድርጅት ተወለደ። አቅሙም በ2009 ታየ። ራስል የተባለው አምራች ሠራተኞቹ ማኅበር ያቋቋሙበትን የሆንዱራስ ፋብሪካ በመዝጋቱ ወደ 100 የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎች ውላቸውን አቋረጡበት፤ ኩባንያውም ፋብሪካውን ዳግም ከፍቶ 1200 ሠራተኞችን ወደ ሥራ ለመመለስ ተስማማ። በ2010 ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አልታ ግራሲያ የተባለ፣ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚከፍል የዩኒቨርሲቲ ልብስ ፋብሪካ ተከፈተ። የንግድ ምልክት ባለቤትነት ለበጎ የዋለበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው፤ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ያለው ፈቃድ የመንሣትም ሥልጣን አለውና።

ይኸው ኮንሰርቲየም በ2018 ባወጣው ሪፖርት ስለ ኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች ጽፏል፤ ደመወዙ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑንም አሳይቷል። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በወቅቱ በአገራችን ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተደነገገ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ከዚህ አዳራሽ የሐዋሳ ልጆች ካላችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልምጣ። የእኛ የምረቃ ኩራት ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ የቤተሰብ ነው። የጋዋን ፎቶግራፉ በሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጎረቤት ገብቶ «የማን ልጅ ነው?» ይላል እንጂ «የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው?» ብሎ አይጀምርም። ስለ ትምህርት ቤታችንም ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምንጠራው ቦታውን ነው፤ ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ እንላለን። ይህ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በ1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው ተቋም በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1975 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ስሙ በመንግሥት ለውጥ ሲለዋወጥ ምሩቁ ያልተለወጠውን፣ የሰፈሩን ስም፣ ይዞ ቀረ። «ስድስት ኪሎ» የሚለውን ስም ደግሞ ታክሲ ረዳቱም ስለሚጠራው ማንም በባለቤትነት ሊይዘው አይችልም።

ቲሸርትም አለን። ተመራቂዎች ጂሲ ብለው በሚጠሩት ዓመት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ማተሚያ ቤት ሄደው በዋጋ ይከራከራሉ፤ የትምህርት ክፍላቸውን ስም አሳትመው ይለብሱና ጀርባው ላይ ይፈራረሙበታል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቃላትን ብቻ ሳይሆን ቀለማትንም ሊመዘገቡ ከሚችሉ ምልክቶች ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ነገ ስማቸውንና ቀለማቸውን አስመዝግበው የአሜሪካኖቹን መንገድ ቢከተሉ ሕጉ አይከለክላቸውም። የገቢ ምንጭ በሚፈለግበት በዚህ ጊዜ ሐሳቡ መምጣቱም አይቀርም።

አስተያየቴን በግልጽ ልናገር። ያስመዝግቡ፤ ካላስመዘገቡ ሌላው ያስመዘግበዋል። ነገር ግን በመተዳደሪያ ደንባቸው ሦስት ነገር ከወዲሁ ይጻፍ እላለሁ። የተመራቂዎች ቲሸርት ፈቃድም ክፍያም የማይጠየቅበት ይሁን። ከአርማው የሚገኘው ገቢ ወደ ጠቅላላው በጀት ከሚቀላቀል ለተለየ ዓላማ፣ ለምሳሌ ለችግረኛ ተማሪዎች፣ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ለምሩቃን ይነገር። ልብሱ በአገር ውስጥ የሚሰፋ ከሆነም ሰፊዎቹ የሚያገኙት ደመወዝ በፈቃድ ውሉ ውስጥ ይግባ። የመጨረሻውን ጉዳይ የሥራና ሠራተኛ ሕግ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ ልትሞግቱኝ እንደምትፈልጉ ከፊታችሁ አነባለሁ፤ ስለዚህ መድረኩን ለጥያቄ ልክፈት።